ፒሮሽካ ሳታንጎራጉር የዋለች ዕለት

ፒሮሽካና ካልማን ተስማምተው የሚያውቁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በታመመ ሕፃን ሕዋስ ውስጥ ስንት ቀይ ነጥብ አለ በሚለው። በሌላው ሁሉ፣ በአየሩ፣ በመስኮቱ፣ በሬዲዮው ድምፅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በዓሣ ሾርባ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲነታረኩ ኖረዋል።

የሾርባው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እሷ በደቡብ ሃንጋሪ ያለችው የሴገድ ከተማ ልጅ ናት፤ ቲሳ ወንዝ ዳር ዓሣ ሲሸጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ልጅ። በእኛ በሴገድ ሾርባው በወንፊት ያልፋል፣ ይወፍራል፣ በርበሬው ይደምቃል፤ አለቀ። ካልማን ደግሞ ከባያ፣ ከዳኑብ ዳር የመጣ ነው። ባያዎች በወንፊት ማሳለፍ ብሎ ነገር አያውቁም፤ ይባስ ብለው ፓስታ ይከቱበታል። ፒሮሽካ «ፓስታ» የምትለውን ቃል ስታወጣ ስለ ሰፈር ሌባ የምታወራ ነው የምትመስለው።

ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ባለች ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ አሁንም እዚያው አሉ፣ እኔም እነሱው ዘንድ ነው ደሜን የምሰጠው። ከኦፕሬሽን ክፍል የእጢ ቁራጭ በበረዶ ሆኖ ይወርዳል። ፒሮሽካ ቁራጩን በመቆንጠጫ ይዛ ስስ የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ እንደ ማኅተም ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች፤ ሕዋሶቹ እዚያው ተጣብቀው ይቀራሉ። ከዚያ በሚያበራ ቀለም ታጠባቸዋለች። ቀዩ ቀለም ማይክኤን የሚባል ዘረመል ላይ ብቻ ይጣበቃል፤ አረንጓዴው ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ቦታ ላይ። በጤነኛ ሕዋስ መሃል ባለው አስኳል ውስጥ ሁለት ቀይና ሁለት አረንጓዴ ነጥብ ይታያል።

ችግሩ ያለው ከነርቭ ሕዋስ በሚነሳው የሕፃናት እጢ ላይ ነው፤ አልፎ አልፎም በዓይንና በአንጎል እጢ ላይ። እዚያ ውስጥ ይህ ዘረመል አንዳንዴ ራሱን እየገለበጠ ሃምሳ፣ መቶ ይሆናል። ዘረመል ማለት ትእዛዝ ነው፤ የዚህኛው ትእዛዝ ደግሞ «ተባዛ» የሚል ነው። አንድ ደብዳቤ መቶ ጊዜ ተባዝቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት በየቢሮው ሲበተን ምን እንደሚከተል ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሁሉም ሥራውን ጥሎ እሱኑ ሲፈጽም ይውላል።

ለሐኪሙ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ነጥቡ ሁለት ሁለት ከሆነ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ብዙ ጊዜ ቀላል ሕክምና ይበቃዋል፤ እንዲያውም እየተጠበቀ እጢው በራሱ ጊዜ የሚከስምበት አጋጣሚ አለ። ቀዩ ተንጋግቶ ከታየ ግን መጠበቅ የለም፤ ያለው ከባድ መድኃኒት ሁሉ በዚያው ሳምንት ይጀመራል።

ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን አይቆጥርም። ደንቡ ሁለት ሰው ነው። እያንዳንዱ በራሱ ማይክሮስኮፕ፣ በጨለማ፣ መቶ መቶ አስኳል ይቆጥራል፤ የሌላውን ቁጥር ሳያይና ሳይጠይቅ። ወረቀቶቹ በጀርባቸው ተገልብጠው የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሬካ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። በፒሮሽካና በካልማን መካከል ያለው ጥቁር መጋረጃ ነው፤ መጋረጃው ስላለ ደንቡ ተጠብቋል ይባላል።

ቁጥራቸው ደግሞ ይገጥማል። ሌላ ቦታ ሁለት አንባቢ በአምስት፣ በስድስት ይለያያል፤ የእነሱ ብዙ ጊዜ አንድም አይዛነፍም። ከቡዳፔስት ሰዎች መጥተው ጉድ ብለው ሄደዋል። የምስክር ወረቀትም ተሰጥቷቸው በመስታወት ተለብጦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፒሮሽካ በዚያ ሥር ባለፈች ቁጥር ቀና ብላ ታየዋለች፤ ያየኝ ሰው የለም ብላ ታስባለች እንጂ ክፍሉ ሁሉ ያውቃታል።

«በሾርባ የማይገባው ሰው በነጥብ እንዲገባው ያደረግሁት እኔ ነኝ» ትላለች።

ኩራቷ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ወደ ሆስፒታሉ ከመምጣቷ በፊት በርበሬ ወፍጮ ቤት የቀለም ደረጃ አውጪ ነበረች። የተፈጨ በርበሬ በነጭ ሳህን ይቀርብላትና አንደኛ ነው፣ ሁለተኛ ነው፣ የዶሮ መኖ ነው ትላለች። አሥራ ሁለት ዓመት ቀይን እያየች ኖራ፣ ሌላ ቀይ ልታይ ወደ ምድር ቤት ወረደች። «ቀይ የኔ ነው» ማለት ትወዳለች።

አንድ ልማድ አላት። ስትቆጥር ዝም አትልም። አስኳሎቹ ደህና ሲሆኑላት የሰርግ ዜማ ታንጎራጉራለች። መጥፎ ሲያጋጥማት ዜማው ይቋረጥና ከንፈሯን ትመጥጣለች። ካልማን ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ «ሬዲዮው ተበላሸ ወይ?» ይላታል፤ እሷም «አንተ ብቻ ሥራህን ሥራ» ትለዋለች። ማንም በዚህ ላይ ክፉ ነገር አላሰበም።

አርብ አርብ ሾርባ በማሰሮ ይዛ ትመጣለች። ያን ክረምት ሾርባው መቅላት ጀመረ። በጥቅምት ቀላ፤ በገና ሰሞን ጠቆረ፤ በየካቲት ምላስ የሚያደነዝዝ ሆነ። ካልማን ማንኪያውን አስቀምጦ ውሃ ፈለገ።

«ፒሮሽካ፣ ይሄ ሾርባ ነው የቂም መወጫ?»

«ጠጣው! የባያ ምላስ ለፓስታ ነው የተፈጠረው።»

«ኧረ እያቃጠለኝ ነው፤ ሙች!»

«እንደውም ገርጥቶብኛል። ትንሽ መጨመር ነበረብኝ።»

በመጋቢት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ፒሮሽካ መንጋጋ ጥርሷን አስነቅላ ወደ ሥራ ገባች። ሐኪሙ አርፊ ብሏት ነበር፤ ማረፍ ግን ለሌሎች ሰዎች የተሠራ ነገር ይመስላታል። ጉንጯ አብጦ፣ አፏ ጥጥ ተጠቅጥቆበት ከተፍ አለች።

ካልማን እንደ ልማዱ «እጅ እስማለሁ» ብሎ ሰላም አላት።

«እምም።»

«ምን ሆንሽ?»

ጉንጯን በጣቷ አሳየችው።

«ተመስገን! አንድ ቀን እንኳ ጸጥታ ስጠኝ እያልኩ ስጸልይ ነው የከረምኩት።»

የምትመልሰው ሞልቷታል፤ ጥጡ ግን አላሳልፍ አላት። በቡጢዋ ዛተችበትና ወደ ጨለማዋ ገባች።

የዚያን ቀን የወረደው መስታወት ላይ ቪልሞሽ የሚል ስም ተጽፏል። አሥራ አንድ ወሩ ነው። እጢው ከኩላሊቱ በላይ ነው፤ መቅኔውም ውስጥ ገብቷል። ከዚህ ሌላ ምድር ቤት የሚያውቀው ነገር የለም። እናቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ሁሉም እናቶች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው።

ፒሮሽካ ቆጠረች። ቀለሙ የዛሬው ደከም ያለ መሰላት። አረንጓዴው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቀዩ ፈዘዝ ያለ ነው፣ ግን ሁለት ሁለት ነው፣ ወይም ሁለት ይመስላል። መቶውን ጨርሳ «መጥፎ፤ ዜሮ» ብላ ጻፈች። ደስ አላት። ልታንጎራጉር ስትል ድዷ ጠዘጠዛት።

ካልማን ግን አይወጣም። ሌላ ጊዜ እሷ በጨረሰች በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ዛሬ ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል መጋረጃውን ገልጦ ወጣ፤ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎታል። ዶክተር ሬካ ላይ ፎቅ ስብሰባ ነበረች።

«ስንት አልሽ?» አላት።

ፒሮሽካ ደነገጠች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠይቋት አያውቅም፤ ክልክል ነው። ጥጡን ከአፏ አወጣችና ሰደበችው።

«አብደሃል? ገልብጠህ አታስቀምጥም?»

«ፒሮሽካ፣ እኔ ስልሳ አንድ መጥፎ አለኝ።»

«ስልሳ አንድ ምን?»

«ከመቶው ስልሳ አንዱ። ቀዩ ተንጋግቷል።»

«እኔ ዜሮ ነው ያለኝ። ምነው፣ ፓስታ ቆጠርክ?»

ካልማን አልሳቀም። በፓስታ ነገር ሳይመልስላት የቀረው ያኔ ብቻ ነው።

«አላንጎራጎርሽም» አላት።

«ጥርሴ ተነቅሎ ምን ላንጎራጉር?»

«እሱን አይደለም።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንዴት ብዬ ልንገርሽ... ስታንጎራጉሪ ደህና ነው ማለት ነው ብዬ እቆጥራለሁ። ከንፈርሽን ስትመጥጪ ደግሞ አጥብቄ አያለሁ፤ እስካገኘው ድረስ አያለሁ። ሲያጠራጥረኝ የማደርገው አንቺን መስማት ነው። ሆን ብዬ አይደለም፤ እንጃ፣ ለመደብኝ። ዛሬ የሚሰማ ነገር ሲጠፋ ግራ ገባኝና ራሴ አየሁ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?»

«መጀመሪያ ላይ እንኳ አልነበረም መሰለኝ። በኋላ ነው። ሁለተኛ ዓይን ልሁን ብዬ ገብቼ ሁለተኛ ጆሮ ሆኜ ቀረሁ።»

ፒሮሽካ የምስክር ወረቀቱን አየችው። ካልማንም አየው። ከዚያ ካልማን አዘነላትና የማይሆን ነገር አደረገ፤ ከኪሱ ላጲስ አወጣ።

«ተይው በቃ» አለ። «የኔን አጠፋዋለሁ። አንቺ ተሳስተሽ አታውቂም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

እውነቱን ለመናገር፣ ፒሮሽካ ለአንድ አፍታ እንዲያጠፋው ፈለገች። በጣም ፈለገች። ዜሮው ያምራል፤ ልጁም ከዜሮ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ስሟም ግድግዳው ላይ ይቆያል። ላጲሱ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ዓይኗ ከቁጥሩ በላይ ያለው ስም ላይ አረፈ። ቪልሞሽ፣ አሥራ አንድ ወር። ላጲሱን ከእጁ ነጥቃ የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ተነሳ፤ አሳየኝ።»

በእሱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ካልማን ከጀርባዋ ቆሞ መራት።

«መሃሉ ላይ። አረንጓዴዎቹ ሁለት ናቸው አይደል? ዙሪያቸውን ተመልከቺ፤ በርበሬ የተነሰነሰ ነው የሚመስለው።»

«አይታየኝም።»

«እንዴት አይታይሽም? ሞልቶ!»

በቀኝ ዓይኗ ሞከረች፤ በግራ ሞከረች። በግራው የሆነ ፈዛዛ ነገር አለ፤ ቀይ ይሁን ጥላ ለመለየት አልቻለችም። ቀይ የኔ ነው ስትል የኖረች ሴት ቀይ ጠፋባት። ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሳች።

«ካልማን።»

«አቤት።»

«ሾርባዬ ቀልቷል?»

«ከጥቅምት ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«በየሳምንቱ ነገርኩሽ እኮ! ባያ ነህ እያልሽ አልሰማ ያልሽው አንቺ!»

«ለኔ ገርጥቶ ነው የሚታየኝ» አለች። «ለዚያ ነው የምጨምረው።»

ከዚህ በኋላ ማሰብ አላስፈለጋትም። ሁለቱን ወረቀት ይዛ፣ በአበጠ ጉንጯ፣ ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። ስብሰባው ላይ አሥር ሐኪም ተቀምጧል። ዶክተር ሬካ አርባ ያልሞላት፣ ፒሮሽካ ራሷ መስታወት አያያዝ ያስተማረቻት ልጅ ናት።

«እትዬ ፒሮሽካ፣ ምነው? ታመው መጡ እንዴ?»

«ሁለት ነገር ልነግርሽ ነው፤ ሁለቱም አያስደስትሽም። አንደኛ፣ ዓይኔ ከድቶኛል፤ ቀይ አላይም። ሁለተኛ፣ እኔና ያ ሰውዬ ሁለት አንባቢ አይደለንም። እኔ አንጎራጉራለሁ፣ እሱ ይሰማል። አንድ ሰው ነው የነበርነው። የዚህን ልጅ መስታወት አሁኑኑ ወርደሽ ራስሽ ቁጠሪ።»

ሬካ ወርዳ ቆጠረች። ሃምሳ ስምንት መጥፎ አገኘች። የቪልሞሽ ከባዱ መድኃኒት በዚያው ሳምንት ተጀመረ፤ ያችም ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለች እናት ስለ ጥርሱ፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ላጲሱ እስከ ዛሬ የምታውቀው የለም።

የምስክር ወረቀቱን ያወረደችው ፒሮሽካ ራሷ ናት። ሬካ ይቆይ አለቻት፤ እሷ ግን ወንበር ላይ ወጥታ አውርዳ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሻጠችው።

ሾርባው መቅላት ከጀመረበት ከጥቅምት ወዲህ የተነበቡት የአሥራ አንድ ልጆች መስታወቶች ተሰብስበው፣ እንደገና እንዲቆጠሩ ወደ ሌላ ከተማ ተላኩ። መልሱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በነዚያ ሦስት ሳምንታት ፒሮሽካ ዓሣ አልገዛችም፤ ከማንም አልተጨቃጨቀችም። ካልማን ፈራ። እንድትሰድበው ብሎ መስኮቱን ከፈተባት፤ እሷ ሹራቧን ደረበች። በአራተኛው ሳምንት አሥሩ ልክ ሆነው መጡ።

«ዕድል ነው» አለች ፒሮሽካ። «ሙያ እንዳትሉኝ።»

አሥራ አንደኛዋን ግን ማንም ሊያነባት አልቻለም፤ ቀለሙ ጠፍቷል። ቦግላርካ የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ እስካሁን ደህና ናት፣ እየሮጠች ነው ይላሉ። ፒሮሽካ በየወሩ መጀመሪያ የቀጠሮ ዝርዝሩን ትጠይቅና ያንን ስም በጣቷ ትፈልጋለች። ካገኘችው በኋላ ነው ካፖርቷን የምታወልቀው።

በግንቦት ዓይኖቿ በኦፕሬሽን ተገፈፉ። ሞራ ነው የነበረው፤ ሁለቱም ላይ። ፋሻው በተነሳ ማግስት ካልማን አበባ ይዞ ሊጠይቃት ሄደ። አየችው፣ አየችው።

«አፍንጫህ ድሮም እንዲህ ቀይ ነው?»

«ይሄው ዳነች!» አለ ካልማን፤ አስታማሚዋን ጠርቶ አስመሰከረ።

በመጋረጃው ፋንታ የእንጨት ግድግዳ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ገጥሞ አያውቅም። እሷ የነጥቡን ድምር ሁለት መቶ አሥራ አራት ስትል እሱ ሁለት መቶ ዘጠኝ ይላል። እሷ በ«ዕውር» ትጀምራለች፣ እሱ በ«ሴገድ» ይመልሳል፤ ሬካ ሁለቱንም ወረቀት አያይዛ ፋይል ውስጥ ታስገባለች። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ውጤቱን አይቀይርም። ሬካ በልዩነቱ ደስ እንደሚላት ባትናገርም ፊቷ ላይ ይታያል። ፒሮሽካ ግን አልለመደችውም፤ በውስጧ ያ የድሮው መግጠም ይናፍቃታል፤ ውሸት እንደነበረ እያወቀችም ይናፍቃታል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የቪልሞሽ የመቅኔ ናሙና ወረደ። ከአራት ወር መድኃኒት በኋላ የተረፈ መጥፎ ሕዋስ አለ ወይስ የለም፤ ጥያቄው እሱ ነው። ከተረፈ የቀረው መንገድ በጣም ጠባብ ነው። መቶ አይደለም፣ አምስት መቶ አስኳል ይቆጠር ተባለ።

ፒሮሽካ ገባች። አረንጓዴው ቁልጭ ብሏል፤ ቀዩም እንደ ወፍጮ ቤቱ አንደኛ ደረጃ ያበራል። ሁለት። ሁለት። ሁለት። መቶ ላይ ደረሰች፣ ሦስት መቶ ላይ ደረሰች፤ አምስት መቶኛውን ስታልፍ አንድም የተንጋጋ አላገኘችም። እንደገና ከዳር ጀምራ በዓይኗ ጠራረገችው። ዜሮ ነው።

ያን ጊዜ ዜማው ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ግድግዳው ሳንቃ ነው፤ ሳል እንኳ ያሳልፋል። ካልማን ገና እየቆጠረ ነው፤ የመቁጠሪያው ድምፅ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ እንደ ባያ ሰው በዝግታ። ፒሮሽካ መሐረቧን ከእጅጌዋ መዘዘችና አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ እስከ ጉሮሮዋ። እጆቿን ጭኖቿ መካከል ከታ በጨለማ ተቀመጠች። ጥርሱ የነበረበት ቦታ ሊያማት ጀመረ። አልተንቀሳቀሰችም።

አርባ ደቂቃ ፈጀበት።

ወረቀቶቹ ተገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። ሬካ አንደኛውን ገለጠች፤ ሁለተኛውን ገለጠች። ደጋግማ አየቻቸው።

«ዜሮ» አለች። «ዜሮ።»

ካልማን ዞሮ ፒሮሽካን አየ። ጉንጯ ተነፍቷል፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ከከንፈሯ የመሐረብ ጫፍ ተንጠልጥሏል።

«አፍሽ ውስጥ ምንድን ነው?»

መሐረቡን ጎትታ አወጣችው።

«ተሰማሁህ?» አለችው። «ካልማን፣ በእናትህ፣ እውነቱን ንገረኝ። አንዲት ነገር እንኳ ተሰማሁህ?»

ካልማን የራሱን ወረቀት አንስቶ ዘረጋላት።

«ምንም አልሰማሁም» አላት። «ራሴ ነኝ ያየሁት።»

ያን ጊዜ ነው ማንጎራጎር የጀመረችው።